መብራት ሲጠፋ የሚነበብ አስፈሪ ልቦለድ ጠቁሙኝ (የዳር ሰፈር ሰዎች ግቡ)

የኮዬ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። መብራት ሲኖር የጎረቤት ቲቪ ያስቸግራል፤ ሲጠፋ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ያኔ አነባለሁ። ሰሞኑን ያማረኝ አስፈሪ ልቦለድ ነው። የድሮውን ግን አይደለም። ቤተ መንግሥት የሚያክል ቤት፣ ሻማ የያዘች ሴትዮ፣ ጥርሱ የረዘመ መስፍን፣ እነሱን ጠግቤያለሁ። የዘመናችንን ስጡኝ። ወጥ ልቦለድም ይሁን የአጭር ልቦለድ መድብል ግድ የለኝም። እንግሊዝኛም ቢሆን እታገለዋለሁ። ደም ብቻ የሚረጭበት ግን ይቅርብኝ። ጨርሼው ስነሳ ደረጃውን መውረድ የሚያስጠላኝ ዓይነት ነው የምፈልገው።

ጣፎ ማዶ
እኔ እዚህ ጅቡ ይበቃኛል ወንድሜ። ያውም በነጻ።

ሰባተኛ ፎቅ
በል ከዚህ ጀምር። ስቴፈን ግራሃም ጆንስ፣ «ዘ ኦንሊ ጉድ ኢንዲያንስ»፣ 2020 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጸሐፊው ራሱ ብላክፊት ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ነው። አራት ጓደኛሞች አደን ይወጣሉ። የገቡበት ቦታ ለሽማግሌዎች ብቻ የተከለለ ነው። ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን በመንጋ ያገኙና ይተኩሱበታል። ከወደቁት አንዷ እርጉዝ ናት። አሥር ዓመት ገደማ ያልፋል። ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል።

አንድ ቦታ ብቻ ልንገርህ፣ ታሪኩን አያበላሽብህም። ሉዊስ ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ሳሎኑ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ አልበራ ያለ መብራት ይነካካል። የጣሪያው ቬንቲሌተር ይሽከረከራል። በክንፎቹ መሃል ቁልቁል ሲመለከት ያቺ የገደላት አጋዘን ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። በቀጥታ ሲያይ ደግሞ የለችም። አለቀ። ጩኸት የለም፣ ደም የለም። እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ ቆሜ የራሴን ሳሎን ዞር ብዬ አየሁ።

ለምን ይህን አስቀደምኩ? የእኛ ቤት አዲስ ነው። ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የሙት መንፈስ የለም፤ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። መሬቱ ግን አዲስ አይደለም። ትናንት ጤፍ የሚታጨድበት፣ ከብት የሚሰማራበት ነበር። ሰው ተነስቶ ነው እኛ በዕጣ የገባነው። ዛሬ የሚጻፉት ጥሩ ጥሩ አስፈሪ መጻሕፍት የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከእኔ በፊት እዚህ ማን ነበር? ምን ሳይከፈል ቀረ?

ፍርሃት ብቻ
ጀመራችሁ! ልጁ መጽሐፍ ጠየቀ እንጂ የካሳ ኮሚቴ አላቋቋመም። አስፈሪ ማለት መጀመሪያ ገላህ የሚፈራው ነው። ትርጉሙን በማግስቱ ታስብበታለህ። ሳያስፈራ የሚያስተምር ከሆነ ስብሰባ ብሄድ ይሻለኛል።

የእኔ ጥቆማ ቦራ ቹንግ ናት፣ ኮሪያዊት። «ከርስድ በኒ»፣ አሥር አጫጭር ታሪኮች። በ2022 ለኢንተርናሽናል ቡከር፣ ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ልቦለድ ለሚሰጠው ሽልማት፣ ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር። የመጀመሪያው ታሪክ «ዘ ሄድ» ይባላል። አንዲት ሴት ሽንት ቤት ገብታ ልትወጣ ስትል ከሳህኑ ውስጥ ጭንቅላት ብቅ ይላል። «እናቴ» ይላታል። ከምትጥይው ፀጉር፣ ከምታስወግጂው ቆሻሻ የተሠራሁ ነኝ ይላታል። ውሃ ትለቅበታለች። ይመለሳል። ለቤተሰቧ ብትነግር ግድ የሚሰጠው የለም፤ «ተይው፣ ምን አደረገሽ» ነው መልሱ። ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ እሱም እዚያው አለ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ይህን አንብባችሁ ሌሊት በባልዲ ስትደፉ አያችኋለሁ።

ሰባተኛ ፎቅ
የጠራኸው መጽሐፍ እኮ የእኔ ምስክር ነው። ርዕሱን የሰጠውን ታሪክ አስታውሰው። አያትየው የእርግማን ዕቃ መሥራት የቤተሰብ ሙያው ነው። ጓደኛው በባህላዊው መንገድ መጠጥ ከሚያወጡ ቤተሰብ ነው። ትልቁ ተፎካካሪ «የፋብሪካ አልኮል ይቀላቅላሉ» ብሎ ወሬ ይነዛባቸዋል። ቤቱ ይፈርሳል። አያትየው ጥንቸል ቅርጽ ያለው የጠረጴዛ መብራት ሠርቶ ለተፎካካሪው አለቃ እንዲደርስ ያደርጋል። ከዚያ መጋዘን ውስጥ ያለ ወረቀት በጥንቸል መበላት ይጀምራል። በወረቀት ቢቆም ጥሩ ነበር። የአለቃው ትንሽ የልጅ ልጅ መብራቱን ነክቶታል። ያልተከፈለ ዕዳ ካልሆነ ይህ ምንድን ነው?

ፍርሃት ብቻ
እሺ፣ ዕዳ ነው። የፈራሁት ግን ጭንቅላቱን ነው።

የአቃቂ ልጅ
ማሪያና ኤንሪኬዝ ሳትጠራ እዚህ ደረስን? አርጀንቲናዊት ናት፣ ጋዜጠኛም ነች። «ቲንግስ ዊ ሎስት ኢን ዘ ፋየር» በስፓኒሽ በ2016 ነው የወጣው፣ 12 ታሪኮች አሉት። «አንደር ዘ ብላክ ዋተር» የሚለውን ለይታችሁ አንብቡልኝ። ቦነስ አይረስ ዳር ሪያቹዌሎ የሚባል ወንዝ አለ። ፈጠራ አይደለም፤ በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽና በቆሻሻው የታወቀ ወንዝ ነው። በታሪኩ ፖሊሶች ሁለት ወጣቶችን እዚያ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። ጉዳዩን የያዘችው ዐቃቤ ሕግ ከሁለቱ አንዱ ተመልሷል የሚል ወሬ ይደርሳታል። ልታጣራ ወንዙ ዳር ያለው የድሆች መንደር ትሄዳለች። ሁሌ ሙዚቃ የሚጮኽበት ሰፈር ጭጭ ብሏል። ቤተ ክርስቲያኑም የድሮው ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

እኔ አቃቂ ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። ክረምት ሲገባ ውሃው ድልድዩ ሥር ነጭ አረፋ ይቆልላል፤ ሽታው ከአረፋው ቀድሞ ይደርሳል። በዚያ ውሃ የለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ጠዋት በማዳበሪያ ታስሮ ገበያ ይወጣል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም እንገዛለን። ያንን ታሪክ ሳነብ «ይህቺ ሴትዮ እኛ ጋ መጥታለች እንዴ?» ነው ያልኩት። ፍርሃት ብቻ፣ አንተ የምትለው ፍርሃትም አለበት፣ አትጨነቅ።

እሱን ከወደዳችሁት «አወር ሼር ኦቭ ናይት» የሚል ወጥ ልቦለድ አላት። በ2019 ስፔን ውስጥ የኤራልዴ ሽልማት አግኝቷል። አባት ከሙታን ወገን ጨለማ የሚጠራ አዋቂ ነው፤ ባለጸጎች ማኅበር መሥርተው በእሱ ይገለገላሉ። አባትየው የሚፈራው ልጁም የዚያው ስጦታ ወራሽ እንዳይሆን ነው። ታሪኩ የሚነሳው በአርጀንቲና ወታደሮች አገዛዝ (1976–1983) ጊዜ ነው፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የማይመለስበት። ቀይ ሽብርን ያየ ሰው ያለበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ከ500 ገጽ በላይ ነው፣ መሃሉ ላይ ይንዛዛል። ቢሆንም ግቡበት።

ጣፎ ማዶ
500 ገጽ! ፓወር ባንኩ አይበቃም።

ነርስ ነኝ ሰበታ
አጭር ለምትፈልጉ «ፊቨር ድሪም» አለላችሁ። ሳማንታ ሽዌብሊን፣ እሷም አርጀንቲናዊት። በ2014 የወጣ፣ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ። እኔ በአንድ የሌሊት ተራ ጨርሼዋለሁ፤ በሽተኞቼ ተኝተውልኝ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው።

አማንዳ የምትባል ሴት የገጠር ክሊኒክ አልጋ ላይ ናት። አጠገቧ ዳቪድ የሚባል ልጅ ተቀምጧል። ልጇ አይደለም። ይጠይቃታል፣ ትመልሳለች። ዋናው ነገር የጀመረባትን ቅጽበት እንድታገኝ ይገፋፋታል። «ይህ አስፈላጊ አይደለም፣ ቀጥዪ» ይላታል፣ ቁርጥ አድርጎ። አንድ ዶክተር ታማሚ ሲጠይቅ እንደዚህ ቢጣደፍ እቆጣው ነበር። ልጁ ግን ልክ ነው፤ ጊዜ የላትም።

ትንሽ ልጅ አላት፣ ኒና። አማንዳ ሁልጊዜ በልቧ ርቀት ትለካለች። ኒና አሁን ገንዳው ጋ ብትሮጥ በስንት ሰከንድ እደርስባታለሁ? መኪናው ጋ ብትሆንስ? ሐሳቡ እንደ ገመድ ይጠብቃል፣ ይላላል። እናት የሆነ ሰው ይህን ሒሳብ ሳያስበው ነው የሚሠራው። መጽሐፉ የሚያስፈራው አደጋው ከእናቲቱ አጠገብ ሳይርቅ ስለሚመጣ ነው። ልጇ እጇ ሥር ናት፤ ሣሩ ላይ አብረው ተቀምጠው ልብሳቸው ይርሳል። ጤዛ ይመስላቸዋል። ዙሪያው የአኩሪ አተር እርሻ ነው። መድኃኒት ይረጫል።

እኛ ሰበታ አካባቢ የአበባ እርሻው ፕላስቲክ ከመንገዱ ይታያል። ማንንም አልከሰስኩም። ብቻ መጽሐፉን ካነበብኩ ወዲህ ልጆች ከቦይ ሲጠጡ ካየሁ ከታክሲ እወርዳለሁ።

እናት ነኝ
ነርሷ ባትቆጣኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጅ የማይጎዳበት አስፈሪ መጽሐፍ የለም? እኔ ሌላውን ሁሉ እችላለሁ።

ነርስ ነኝ ሰበታ
ምን ያስቆጣኛል እህቴ፣ «ፊቨር ድሪም»ን እለፊው። «ሜክሲካን ጎቲክ» ላንቺ ይሆናል፤ ሲልቪያ ሞሬኖ ጋርሲያ፣ 2020። በ1950ዎቹ ሜክሲኮ ነው። ኖኤሚ የምትባል ቆንጆ፣ ዘናጭ፣ በምላስ ማንም የማይቀድማት የከተማ ልጅ ያገባች ዘመዷን ልታይ ተራራ ላይ ያለ ቤት ትሄዳለች። የቤቱ ባለቤቶች በብር ማዕድን የከበሩ እንግሊዞች ናቸው። ግድግዳው ይሻግታል። የሻገተው ደግሞ ዝም ብሎ አይሻግትም። የልጆች ነገር ጭራሽ የለውም አልልሽም፤ የዚያ ቤተሰብ የድሮ ኃጢአት ይወራል። ዋና ሸክሙ ግን እሱ አይደለም።

ፍርሃት ብቻ
የመጀመሪያው ግማሽ ዘገምተኛ ነው። ከእራት ጠረጴዛው በኋላ ግን ይክሳል።

እናት ነኝ
የመኝታ ቤቴ ጥግ በየክረምቱ ይሻግታል። አመሰግናለሁ፣ በጋ ላይ አነበዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ «ፍራንከንስታይን ኢን ባግዳድ»ን ማንም አላነሳም። ኢራቃዊው አህመድ ሳዳዊ በ2013 በዐረብኛ ያወጣው ነው፣ በ2014 የዐረብኛ ልቦለድ ዓለም አቀፍ ሽልማትን ወስዷል። ሃዲ የሚባል አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ በቦምብ ከተበታተኑ ሰዎች አካል እየለቀመ አንድ ሬሳ አድርጎ ይሰፋል። ለምን ቢሉት፣ የሰው አካል እንደ ቆሻሻ እንዳይጣል፣ ሙሉ ሬሳ ሆኖ በክብር እንዲቀበር ነው። ሬሳው ግን ተነስቶ ይሄዳል። የተሠራባቸውን ሟቾች ደም ሊመልስ ይወጣል። አንዱን በተበቀለ ቁጥር የዚያ ሰው አካል ይበሰብስና ይወድቃል፤ ምትክ ያስፈልገዋል። ምትኩን ከማን ይወስዳል? የመጽሐፉ ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ኤሊሽቫ የምትባል ክርስቲያን አሮጊት አለች። ልጇ በኢራንና ኢራቅ ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም። ሳሎኗ ከተሰቀለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጋር ማታ ማታ ትነጋገራለች፣ ትሟገተዋለች፣ ቃል የገባህልኝን አምጣ ትለዋለች። ፍጡሩ ደጇን አልፎ ሲገባ ልጄ መጣ ብላ ልብስ ታወጣለታለች። ፈረሱ ላይ ያለውን ጊዮርጊስ እያየች ስለዘመተ ልጅ የምትሳል እናት በየቤታችን አለች። እኔ እዚያ ላይ ከመፍራት ይልቅ አለቀስኩ።

ሁለተኛ፣ አስፈሪ ታሪክ የፈረንጅ ብቻ ነው ያለ የለም፣ ነገር ግን ዝምታችሁ እንደዚያ ይመስላል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ በልጅነቱ ያልሰማ ማን አለ? ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ፣ የገዛ ቤተሰቡን ያላስቀረ ሰው። ለተጠማ ድውይ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠና በዚያ ዳነ። የካቲት 16 ሲደርስ ይነገራል፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከነሚዛኑ ተስሏል። ትረካውን ልብ ብላችሁ ስሙት። የሚዘገንነው መብላቱ ብቻ አይደለም። ሚዛኑ ላይ ሰባ ስምንት ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ተቀምጦ ምን ይሆናል ብሎ መጠበቁ ነው። ወደ ዘመናችን ስትመጡ ደግሞ የስብሐት «ሞትና አጋፋሪ እንደሻው» አለ። ሞትን መሸሽን እንደዚያ አስቂኝም አስጨናቂም አድርጎ መጻፍ ቀላል አይደለም።

ሰባተኛ ፎቅ
ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። በላዔ ሰብእን በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር።

የኮዬ ልጅ
ጋሼ እርስዎን ልጠይቅዎ። ታዲያ በአማርኛ ዛሬ እንደዚህ ያለ ልቦለድ ለምን አይበዛም? ቡዳ አለን፣ ዛር አለን፣ መተት አለን፣ ጭራቅ አለን። ዕቃው ሞልቷል።

ፍርሃት ብቻ
ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት እኔ ልግባ። ሰው ከምር ስለሚያምን ነው። ፈረንጁ መንፈስ የሚባል የለም ብሎ ነው ተዝናንቶ የሚፈራው። እኛ ቤት ስለ መተት ልቦለድ ብታነብ እናትህ ጠበል ይዛ ትመጣለች። ጸሐፊው ራሱ ጽፎ ሲጨርስ ይታመማል።

ጡረተኛው መምህር
አስቀኸኛል። ግን አልስማማም። ኑዞ ኦኖን ተመልከት፤ ናይጄሪያዊት እንግሊዛዊት ናት፣ የአፍሪካ ሆረር (የአስፈሪ ልቦለድ) ንግሥት ይሏታል። የምትጽፈው ከኢግቦ ሕዝብ የቀብርና የሙታን እምነት ተነስታ ነው። እዚያም ሰው ያምናል። ማመኑ አላገዳትም፤ የአሜሪካው የሆረር ጸሐፊዎች ማኅበር የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጥቷታል። የእኛ ችግር ሌላ ይመስለኛል። ቡዳ ብለን ስንጽፍ ወይ ልናስተምር ወይ ልናፌዝ እንቸኩላለን። ቡዳ የተባለውን ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ አስቡት። ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ በሩን የሚቀረቅረው እሱን ፈርቶ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰፈሩን ፈርቶ ይቀረቅራል። በሁለቱ በሮች መሃል ያለውን ጨለማ የሚጽፍልኝ ልጅ ካለ እኔ እገዛዋለሁ።

ሰባተኛ ፎቅ
እኔ ደግሞ የብሎክ ጥበቃውን ታሪክ እፈልጋለሁ። ቁልፍ ተላልፎ ገና ሰው ባልገባበት ብሎክ ብቻውን የሚያድረውን። አንዳንዱ እዚያው መሬት ላይ ያርስ የነበረ ሰው ነው። አሁን ጋቢ ለብሶ የሌላ ሰው ባዶ ቤት ይጠብቃል። በዚህ ላይ መንፈስ መጨመር ራሱ አያስፈልግም።

ፍርሃት ብቻ
ያስፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ መብራት ይበራ። ቆጣሪ ያልገባለት ቤት ውስጥ።

የአቃቂ ልጅ
ፍርሃት ብቻ ሳያውቀው ጸሐፊ ሆነ!

ጀሞ መጨረሻ
ዘግይቼ ገባሁ፣ ግን ማንም ያላነሳው አለኝ። ታናናሪቭ ዱ። ጥቁር አሜሪካዊት ናት። «ማይ ሶል ቱ ኪፕ» በ1997 የወጣ ነው፣ ትንሽ ቆየት ብሏል፣ ይቅር በሉኝ። ጄሲካ ማያሚ የምትኖር ጋዜጠኛ ናት። ባሏ ዴቪድ ሸጋ ነው፣ አዋቂ ነው፣ ልጁን ይወዳል። አያረጅም። ለካስ ዴቪድ ዳዊት ነው። የእኛው ዳዊት! ከ400 ዓመት በፊት የማይሞት ደም ከተቀበሉ ወንድማማቾች አንዱ፤ ማኅበራቸው ያለው ላሊበላ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ነው። ወንድሞቹ ምስጢራቸው እንዳይወጣ ተመለስ ይሉታል። እሱ ሚስቱንና ልጁን አልተውም ይላል። ላለመተው ሲል የሚያደርገው ነው የሚያስፈራው።

የደሙ ምንጭ የሚነገርበት ክፍል ለአማኝ ሰው ይከብዳል፤ አስቀድሜ ልናገር። ላሊበላንም የሣለችው በሩቁ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ፈገግ ትላላችሁ። ዳዊትን ግን ሰው አድርጋ ነው የጻፈችው።

አዲሱን ከፈለጋችሁ የእሷው «ዘ ሪፎርማቶሪ» አለ፣ 2023። በ1950 ፍሎሪዳ ውስጥ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ ለእርማት ተብሎ ትምህርት ቤት ይላካል። ልጁ የሞቱትን ያያል፤ የግቢው አለቃም ይህን ስጦታውን ሊጠቀምበት ይፈልጋል። መነሻው እውነት ነው። ዶዚየር የሚባል የወንድ ልጆች ማረሚያ ነበረ፣ በ2011 ተዘጋ፣ ተመራማሪዎች ግቢው ውስጥ 55 መቃብር አገኙ። የጸሐፊዋ የእናቷ አጎት እዚያ በ1937 ነው የሞተው፤ ስሙን ለልጁ ሰጥታዋለች። እናት ነኝ፣ ይህን እንዳትነኪው።

እናት ነኝ
ርዕሱን ሳይ ነው ያለፍኩት።

የኮዬ ልጅ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጥያቄው ከየት ይገኛል ነው።

ጣፎ ማዶ
ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉ ሞልቷል።

ሰባተኛ ፎቅ
ሞልቷል፣ ግን ገጹ የተዘለለ፣ መጨረሻው የተቆረጠ ነው። አስፈሪ መጽሐፍ መጨረሻው ሲቆረጥ ምን እንደሚሰማ ጠይቀኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን አዟሪዎች በርዕስ ሳይሆን በጸሐፊ ስም ጠይቃቸው፤ ካልያዙ ስልክህን ተቀብለው ያፈላልጉልሃል። በአዲስ ዋጋ ከውጭ የሚገባው ግን ኪስ ይገለብጣል። መዋዋስ ነው የሚያዋጣን።

ነርስ ነኝ ሰበታ
«ፊቨር ድሪም» የወረቀቱ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሜክሲኮ እመጣለሁ። የኮዬ ልጅ፣ ከመጣህ ልስጥህ። ቡና እንዳታፈስበት።

የኮዬ ልጅ
እመጣለሁ። እኔ የማውሰው አስፈሪ ነገር የለኝም እንጂ።

ሰባተኛ ፎቅ
የጆንስን እኔ አውስሃለሁ፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ቅርብህ ነው። ተራ የሚይዘው ግን ጋሼ ናቸው፤ በውስጥ መስመር ጠይቀውኛል። ከእሳቸው በኋላ ያንተ ነው።

ፍርሃት ብቻ
«ከርስድ በኒ»ን የሚፈልግ አያት አደባባይ ይምጣ። መጽሐፉ የላስቲክ ሽፋን አለው፤ ሽንት ቤት ይዞ መግባት ይቻላል።